ሚስማርን ዝም ማሰኘት ተገቢ ነውን?

በአሜሪካ በፈረሱ የቆዩ መኖሪያ ቤቶች ቦታ ላይ በሜታል ዲቴክተር የሚፈልጉ ሰዎች ዋነኛ እንቅፋት በአፈሩ የተበተነው የዛገ ሚስማር ነው። ብዙዎቹም መሣሪያው የብረትን ድምፅ እንዲያፍን አድርገው ያስተካክሉታል። ይህ ልማድ በሁለት ምክንያቶች ሊታረም ይገባል።

አንደኛው ቴክኒካዊ ነው። አፈናው ሲጠነክር ከሚስማር አጠገብ የተቀበረ የብር ሳንቲም ወይም የነሐስ አዝራር ድምፅም አብሮ ይታፈናል። ስለዚህ አፈናውን ማላላት፣ አነስተኛ የፍለጋ ሳህን መጠቀም፣ መሣሪያው ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው የሚሸጋገርበትን ጊዜ ማሳጠር፣ ትብነቱን መቀነስና በዝግታ ከሁለት አቅጣጫ ማሰስ ይመረጣል። ትብነት ሲቀንስ ጥልቀትም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሚስማር በበዛበት አፈር ከጥልቀት ይልቅ ተቀራርበው ያሉትን ለይቶ መስማት ይበልጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቃል፤ ሚስማሩ ራሱ ማስረጃ ነውና። በዚያ አገር እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በእጅ የተቀጠቀጠ፣ በ19ኛው በማሽን የተቆረጠ፣ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ደግሞ ከሽቦ የተሠራ ሚስማር በስፋት አገልግሏል። የእያንዳንዱ ዓይነት ሥፍራ በካርታ ሲመዘገብ ቤቱ የት እንደቆመና መቼ እንደታደሰ ሊጠቁም ይችላል።

እያንዳንዱን ምልክት መመዝገብ ጊዜ እንደሚፈጅ አይካድም። መፍትሔው ግን ቦታውን አጥብቦ በጥንቃቄ ማጥናት እንጂ ማስረጃውን ማፈን አይደለም። ሥፍራው ሳይመዘገብ የወጣ ዕቃ ወደ ሙዚየም ቢገባ እንኳ ስለ ቤቱ ሊናገር የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው።