ደም የሚመጡና ደሙን የሰጠ



በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ ወጣቶች ስለ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ በጠየቁን ጊዜ ሁለት መልሶች ከአፋችን ሊወጡ ቸኩለው ነበር። አንደኛው “የሰይጣን ነው፤ አጥፉት” የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ “ጨዋታ እኮ ነው፤ ምን ችግር አለው?” የሚል ነው። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ነገሩን ቀርቦ ማየት አይጠይቁም። ምሳሌ 18፥13 ግን ሳይሰሙ መመለስ ስንፍናና እፍረት መሆኑን ያስተምረናል። ስለዚህ ወንበር ስበን ከልጆቹ አጠገብ ተቀመጥንና ለበርካታ ምሽቶች ተመለከትን።

ጨዋታው “ቫምፓየር፦ ዘ ማስከሬድ - ስዋንሶንግ” ይባላል። ቢግ ባድ ዎልፍ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ታሪኩ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይካሄዳል። ተጫዋቹ ጋሌብ፣ ኤመምና ሌይሻ የሚባሉ ሦስት ደም መጣጮችን በየተራ ይመራል። ሦስቱም ሄዘል አይቨርሰን ለምትባል ገዢ ያገለግላሉ። ተኩስና ሩጫ የሌለበት፣ ምርመራ፣ ክርክርና ምርጫ የበዛበት ጨዋታ ነው። በአሜሪካ የተሰጠው የዕድሜ ደረጃ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆኑን ወላጆች ልብ በሉ።

“ጨዋታ እኮ ነው” ለምትሉን ወገኖች አንድ ነገር እንበል። ማንኛውም ታሪክ ስለ ሕይወት የሚሰብከው ነገር አለው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ገጸ ባሕርዩ ልዩ ኃይሉን በተጠቀመ ቁጥር ረሃቡ ይጨምራል። ረሃቡ ሲጠና አንድ ሰው ፈልጎ፣ አባብሎ፣ ወደ ስውር ስፍራ ወስዶ ደሙን ይመጣል። ከዚያም ተጫዋቹ ይመርጣል፤ በቃኝ ብሎ ይተወዋል ወይስ እስኪሞት ይጠጣዋል? እንግዲህ ምርጫው ስለ መጠኑ ነው። ከደም ውጪ የመኖር መንገድ ግን አልተሰጠውም። ይህ ትምህርት ነው፤ ያውም ሐሰተኛ ትምህርት። “ሁሉም የሚኖረው ከሌላው መጥጦ ነው፤ ጨዋ ሰው ቆጥቦ ይመጣል” ይላል። በንግዱም በፖለቲካውም ይህን የሚያምኑ ሞልተዋል፤ ጨዋታውን ግን አይተውት አያውቁም።

“የሰይጣን ነው” ብላችሁ ለምትጮኹ ወገኖችም መልስ አለን። ደም መጣጭ የሚለውን ቃል ከአውሮፓ ተረት አልተዋስነውም። የድሃውን ጉልበት የሚበላውን ባለጠጋ፣ በአራጣ አበድሮ ቤት የሚያስሸጠውን ሰው ድሮውንም በዚህ ስም እንጠራዋለን። ሚክያስ በምዕራፍ 3 የሕዝቡን ሥጋ የሚበሉ አለቆችን ሲወቅስ፣ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 34 ራሳቸውን የሚያሰማሩ እረኞችን ሲገሥጽ የሚናገሩት ስለ ተረት ጭራቅ አይደለም። በጎቹን ስለ በሉ እረኞች ነው።

ከሁሉ የከበደን የጨዋታው ሕግ ነበር። “ማስከሬድ” ማለት የጭምብል ግብዣ ማለት ነው። የእነዚህ ደም መጣጮች የመጀመሪያ ሕግ “አትግደል” አይደለም፤ “አትታወቅ” ነው። ይህን ስናብራራ ከወጣቶቹ አንዱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ “ፓስተር፣ ይሄ እኮ የእኛን ቤት ይመስላል” አለን።

ዝም አልን። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶናልና። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አገልጋይ “ጌታ ተናግሮኛል” እያለ ከአንዲት መበለት ገንዘብ ይወስድ ነበር። ነገሩ ሲሰማ ሽማግሌዎች ተሰብስበን “የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ” ብለን በዝምታ ዘጋነው። አገልጋዩ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። እናታችን ገንዘቧ አልተመለሰላትም። በዚያ ስብሰባ ላይ እኛም ነበርን፤ እጃችንንም ለዝምታው አውጥተናል።

በእርግጥ ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ይሸፍናል። ነገር ግን የወደቀን ወንድም ገመና መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ የሚበላን እጅ መሸፈን ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ንስሐ የገባውን ያድናል። ሁለተኛው ግን ቀጣዩን ተጠቂ ያዘጋጃል። ታዲያ የቦስተኖቹን ደም መጣጮች ከመድረክ እየገሠጽን የራሳችንን ጭምብል እንዴት እንለብሳለን?

ወንጌል ጨዋታው ሊያስበው ያልቻለውን ይነግረናል። ዘሌዋውያን 17 ደም መብላትን የሚከለክለው ሕይወት በደሙ ስላለች ነው፤ ሕይወት የእግዚአብሔር ናት። ጌታ ኢየሱስ ግን በዮሐንስ 6 ደሙን ለሕይወት እንደሚሰጥ ሲናገር ብዙዎች ደንግጠው ከእርሱ ተመለሱ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ደም መጣጭ እርሱ እንዲኖር ሌላው ይደማል። ክርስቶስ ግን ሌላው እንዲኖር እርሱ ደማ። ማንም አባብሎ አልወሰደበትም፤ በፈቃዱ ሰጠ። ከዚህ ማዕድ የሚካፈል ሰው ከወንድሙ ደም መኖር አያስፈልገውም።

ወላጆች ሆይ፣ ከመጮኻችሁ በፊት ከልጆቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። ዕድሜያቸው ላልደረሰ አትፍቀዱ፤ ምክንያቱን ግን አስረዱአቸው። ወጣቶች ሆይ፣ ጨዋታው ወደ ሕሊናችሁ ረሃብ የሚጨምር ከሆነ ዝጉት።

እኛ አገልጋዮችስ? እኛ ወደዚያች እናት ቤት ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ገንዘቧንም ከኪሳችን መመለስ ጀምረናል። ዘግይተናል፤ ጉዳዩንም በማኅበሩ ፊት ለማቅረብ ወስነናል። ያ ወጣትም ከእኛ የሚጠብቀው ስብከት ሳይሆን ይህ ይመስለናል።

ጌታ ጭምብላችንን አውልቆ በብርሃኑ ያቁመን። አሜን።