ጭቃውን አታድርቁት!

ሰሞኑን ግጥም ከምንነባበብ ወዳጆቼ ጋር ተሟገትሁ። የሙግቱ መነሻ የእኅቴ ልጅ ነው። ብላቴናው የኮምፒውተር ጨዋታ ይሠራል፤ መቼቱ የክረምቱ ጎሮ ነው። አንዲት እናት ጀሪካን ተሸክማ ከአስፋልቱ ወደ መንደር ትገባለች፤ ጭቃው ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ በግማሽ ይቀንሳል። ወዳጆቼ ታዲያ «ተጫዋቹ ይሰለቻል፤ ጭቃውን አውጣው» ብለው መከሩት። ልጁም ሊያወጣው ተነሣ።

እኔ ግን አይወጣም እላለሁ!

አሠራሩን አሳይቶኛል። የጭቃው ክልል ይታጠራል፤ እግሯ ሲገባ ፍጥነቷ በ0.5 ይባዛል፤ ስትወጣ ይመለሳል። በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ክልሎች በተደራረቡበት ስፍራ ፍጥነቷ ወደ ሩብ ወረደ፤ ከአንደኛው ስትወጣም ገና በሁለተኛው ውስጥ ሳለች እንደ ደረቅ መሬት ሮጠች። ስለዚህ ዋናውን ፍጥነት ለብቻው አስቀምጦ ሁልጊዜ ከእርሱ ማስላት ጀመረ። ይህ ለባንክ ሠራተኛ እንግዳ አይደለም፤ ዋናውን ከወለዱ ያደባለቀ ሒሳቡ አይዘጋለትም።

ወዳጆቼ ሆይ፣ እናንተ የቅኔ አድናቂዎች ናችሁ። ኅብረ ቃል ምንድን ነው? የአንባቢን እግር የሚይዝ ጭቃ አይደለምን? ሰሙን ይዞ የሚሮጠውን አስቁሞ ወርቁን ያስቆፍረዋል። በቅኔ ያከበራችሁትን በጨዋታ ስለምን ናቃችሁት? ጃፓናዊው ሂዴዮ ኮጂማ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው «ዴዝ ስትራንዲንግ» ሸክም ይዞ ድንጋያማ ዳገትና ወንዝ መሻገርን የጨዋታው ዋና ጉዳይ አድርጎታል። በአገራችንም «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ሩጫ የሠሩት ወጣቶች ድርጅታቸውን «ቅኔ» ብለው ሰይመዋል።

እርግጥ ነው፣ ወርቅ የሌለው ጭቃ ጭቃ ብቻ ነው። ጊዜ ለማባከን የተዘረጋ ማጥ ይቅር። የእኅቴ ልጅም የሚረገጡ ድንጋዮችን ያኑር፤ ተጫዋቹ እርምጃውን ይምረጥ፤ ሲዘገይም ድንጋዩን ማን እንዳነጠፈለት ይይ።

እኔ በየክረምቱ የሥራ ጫማዬን በፌስታል ይዤ አስፋልት የምደርስ ሰው ነኝ። ባለመኪናው ጎሮን በመስኮት ያያታል፤ ለእርሱ ጭቃ የለም። ጭቃውን ከጨዋታው ማውጣት ጎሮን በባለመኪናው ዓይን ብቻ መተረክ ነው። ያቺ ጀሪካን የተሸከመች እናት ግን የምትኖረው እዚያው፣ በግማሹ ፍጥነት ውስጥ ነው።

የሮጠማ ደርሷል፣ መንገዱን ሳያየው፤
የዘገየው ያውቃል፣ ጭቃው ምን እንዳለው።