የማይታየው ወይስ ሕጉ?

ባለፈው ሰሞን የፊዚክስ አስተማሪ የሆነ ወዳጄ ቡና እየጠጣን፣ «የአንስታይንን የስበት ሕግ እናሻሽላለን የሚሉት ሰዎች ሥራ ፈቶች ናቸው» ብሎ ደመደመ። እኔ የፊዚክስ ሰው አይደለሁም። ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በጋላክሲዎች ዳር ያሉ ከዋክብት፣ በሚታየው ቁስ ልክ ቢሆን ኖሮ ቀስ ብለው መዞር ነበረባቸው። እነሱ ግን ይሮጣሉ። በ1998 ደግሞ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የዩኒቨርሱ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ ታወቀ። መልሱ ምን ሆነ? ለመጀመሪያው «ጨለማ ቁስ»፣ ለሁለተኛው «ጨለማ ኃይል»። ሁለቱ ተደምረው የዩኒቨርሱን 95 በመቶ ያህል ይይዛሉ። ዘጠና አምስት በመቶ! ሂሳቡ የጎደለበት ገንዘብ ያዥ «የማይታይ ብር አለ» ቢል ኦዲተሩ ዝም ይለዋል? ምናልባት ስበት በትልቅ ርቀት ላይ ሌላ ጠባይ ይኖረው እንደሆነ መጠየቅ ምኑ ነው ነውሩ?

ታሪክ እኮ ሁለቱንም አሳይቶናል። ዩራነስ ከተሰላላት መንገድ ስትዛነፍ ፈረንሳዊው ለቬርዬ «የማትታይ ፕላኔት እየጎተተቻት ነው» አለ፤ በ1846 ኔፕቱን ተገኘች። በ1859 የሜርኩሪ መንገድ ሲያስቸግረው ያንኑ መድኃኒት አዘዘ። ለአዲሷ ፕላኔት ቩልካን የሚል ስም ሁሉ ወጣላት። ችግሩ፣ የለችም! በ1915 አንስታይን ጉድለቱ ከኒውተን ሕግ መሆኑን አሳየ። ወዳጄ ሆይ፣ አንስታይንም እኮ «ስበት አሻሻይ» ነበር።

እርግጥ የአሻሻዮቹም ጓዳ ሙሉ አይደለም። ሚልግሮም በ1983 ያቀረበው ሐሳብ ለጋላክሲዎች መዞር ደህና ሠርቶ፣ የጋላክሲ ክምችቶች ላይ ሲደርስ ያጥረዋል። በ2017 ደግሞ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው፣ የስበት ሞገዱና የጋማ ጨረሩ 130 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዘው በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ምድር ደረሱ። የጨለማ ኃይልን ቦታ ሊተኩ ከተዘጋጁት ሞዴሎች ብዙዎቹ፣ ስበትን ከብርሃን የተለየ ፍጥነት ሰጥተውት ስለነበር፣ በዚያችው 1.7 ሰከንድ ተቀበሩ።

ይህን ስነግረው ወዳጄ «አየህ!» አለኝ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሊፈተን ወጥቶ የሚወድቅ ሐሳብ ሥራውን ሠርቷል። የጨለማ ቁስን ቅንጣት በየማዕድን ጉድጓዱ ለአሥርት ዓመታት የፈለጉት እስካሁን በማያጠራጥር መንገድ አልያዙትም፤ እነሱን ሥራ ፈት ያላቸው የለም፣ ሊላቸውም አይገባም። ስለዚህ በሚቀጥለው ስንገናኝ ስድቡን ይተውና የትኛው ስሌታቸው በየትኛው ልኬት እንደወደቀ ይንገረኝ። ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ።