ባለጉዳይ የመዝገብ ተሸካሚ አይሁን



ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን የመዝገብ አያያዝ ያለኝን አሳብ ለአንባብያን አካፍል ዘንድ በጋዜጣችሁ ላይ ጥቂት ሥፍራ እንድትሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በዛሬው ጊዜ በከተማችን ውስጥ ኮምፒዩተር የሌለበት መሥሪያ ቤት እምብዛም አይገኝም። መንግሥትም ለዚሁ ሥራ ብዙ ደክሟል። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ዕቅድ በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ፤ የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረቱን አገኘ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣራ ሥር የሚሰጠው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የመስኮቱ ማማር ብቻውን ሥራውን አያቃናውም። ከመስኮቱ ኋላ ያሉት መዝገቦች እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ ከሆነ፥ ወረቀት ተሸክሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ራሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ባለፈው ዓመት በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንድ ሸማኔ፥ የተማሪዬ አባት፥ የልጃቸውን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት እንድረዳቸው ጠይቀውኝ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት አብረን ሄድን። የፋይዳ መታወቂያቸውን ፎቶ ኮፒ አምጡ ተባሉ፤ የነዋሪነት መታወቂያቸውንም እንዲሁ። ጸሓፊዋም ከወረቀቱ እያነበበች ስማቸውን እንደገና በኮምፒዩተር ጻፈች። በአንደኛው መዝገብ «ወልደ ሥላሴ» የተባለው የአያታቸው ስም በሁለተኛው «ወልደስላሴ» ሆኖ ስለ ተገኘ፥ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ አምጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። ደብዳቤውን ይስጥ የተባለው ክፍል በበኩሉ «ሲስተም የለም» አለ። እኒህ ሰው በዚህ ምክንያት ሦስት ቀን ሙሉ ከሽመና ሥራቸው ተለይተው ዋሉ። የቀን ገቢያቸው የሚገኘው ከዚያው ከእጃቸው ሥራ መሆኑን ማን አሰበላቸው?

ጸሓፊዋን አልወቅስም፤ የታዘዘችውን ፈጽማለች። ጥፋቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ፥ ለሰው ዓይን አንድ የሆነው ስም ለኮምፒዩተር ሁለት ይሆንበታል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ልዩነቱ ይብሳል። የዘመን አቆጣጠራችንም ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፥ አቆጣጠሩ ያልተገለጸበት የልደት ቀን ሰውን ያለ ዕድሜው ሊያስረጀው ወይም ሊያሳንሰው ይችላል። ስለዚህ መዝገብን ከመዝገብ ማገናኘት የሚገባው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የተሰጠው ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ለዚህ ይበቃል።

የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሪን ስም የሚጽፈው በአንድ መዝገብ ብቻ ነበር። ክሊኒኩም፥ ምግብ ቤቱም፥ ቤተ መጻሕፍቱም ከዚያው ይጠይቁ ነበር እንጂ ልጁን ደጋግመው አይመዘግቡትም። ኤስቶኒያ የተባለችው ትንሽ የአውሮፓ አገርም እ.ኤ.አ. በ2001 ኤክስ ሮድ በተባለው መሣሪያ የመሥሪያ ቤቶቿን መዝገቦች አገናኘች፤ ለአንድ ዓይነት መረጃ ሁለት መዝገብ ማቋቋምንም በሕግ ከለከለች።

መገናኘቱ ብቻም አይበቃም፤ ሥራው መንገዱን የሚያውቅ መሆን አለበት። ማመልከቻው አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ የነዋሪነቱ ጉዳይ ከመዝገቡ ይጠየቅ፤ ክፍያውም በቴሌብር ወይም በባንክ መፈጸሙ ይረጋገጥ፤ ከዚያም ጉዳዩ ራሱ ወደሚቀጥለው ሹም ይለፍ። ማን በየትኛው ቀን እንደ ተቀበለው ይመዝገብ፤ የተወሰነለት ቀን ሲያልፍም ለአለቃው ይታወቅ። ባለጉዳዩም በያዘው ቁጥር ጉዳዩ የት እንደ ደረሰ ይመልከት። በጉምሩክ በኩል የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አስመጪና ላኪውን በየመሥሪያ ቤቱ ከመዞር ለማዳን ተቋቁሟል። ለነጋዴው የታሰበው ለሸማኔው የማይታሰብበት ምክንያት የለም።

አንዳንድ ሠራተኞች «ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳልይዝ ፈርሜ ነገ ብጠየቅስ?» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ፥ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ለሚፈጸም ግንኙነት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። እንግዲህ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፥ ከዋናው መዝገብ በመስመር የመጣ መልስ ማኅተም ካለበት ወረቀት እኩል እንደሚቆጠር በጽሑፍ ቢያዝ፥ ሠራተኛው ያለ ፍርሃት ይሠራል።

በሌላ በኩል መዝገቦች ሲገናኙ የሰው ምሥጢር ለሁሉ የተገለጠ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ለጸሓፊው የሚበቃው «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ከሆነ፥ ከዚያ በላይ ሊታየው አይገባም፤ የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅም በቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋም ማመልከቻው በወረቀት ላይ ተመዝግቦ ለባለጉዳዩ ቁጥር ይሰጠው እንጂ «ነገ ተመለስ» አይባል። ስልክ ለሌለውና ማንበብ ለማይችለውም የሚረዳው ሰው በየጽሕፈት ቤቱ ይኑር።

ከሁሉ በፊት ግን የማያስፈልገው ደረጃ ይሰረዝ። ሰባት ፊርማ የሚጠይቅ ሥራ እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር ቢገባ፥ ሰባቱ ፊርማዎች በኮምፒዩተር ይጠየቃሉ እንጂ አይቀንሱም። የትኛው ፊርማ ጥቅም እንደሌለው ደግሞ ከእናንተ ከመንግሥት ሠራተኞች በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ለአለቆቻችሁ በግልጽ እንድታመለክቱ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከጉለሌ፥ አዲስ አበባ