ጎረቤት እንደ መሰላል

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ አበው። ብዙዎቻችን አባባሉን ለሐዘንና ለደስታ ብቻ የተነገረ አድርገን እንወስደዋለን። እኔ ግን ብርቱ የኢኮኖሚ ቁም ነገር የያዘ ይመስለኛል። የድኻ ልጅ ከተወለደበት መደብ ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል፣ ከትምህርት ቤቱ ባልተናነሰ፣ ጎረቤቱ ነውና። አዲስ አበባ እንደ አዲስ እየተሠራች ባለችበት በዚህ ወቅት መሰላሉ እየተነሣ መሆኑን የሚያስተውል ሰው ግን ጥቂት ነው።

ቀበናን እንመልከት። ከዐድዋ ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝና ለሩሲያ ሌጋሲዮኖች ሰፋፊ ቦታ የሰጡት በዚሁ አቅጣጫ ነው። የኤምባሲ ግቢና የጭቃ ቤት፣ የባለሥልጣን ቪላና ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ እናት ጎጆ ጎን ለጎን የኖሩበት ሰፈር ነው። ይህ ስብጥር ከእኩልነት የመነጨ አልነበረም፤ መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ዙሪያ ሎሌና ተከታይ ማስፈራቸው የወለደው የአዲስ አበባ ባሕርይ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ወደ ቀበሌ ዞሩ። ደርግ አስቦትም ይሁን ሳያስበው፣ ድኻው ከመሐል ከተማ ሳይነቀል እንዲቆይ ያደረገው ይኸው ነው።

ለመሆኑ ጎረቤት መሰላል የሚሆነው እንዴት ነው? አንድ ተራ ነገር ላንሣ፤ ዋስ። በዚህ ከተማ ገንዘብ ያዥ፣ ሾፌር ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ለመቀጠር ደመወዝተኛ ወይም ባለንብረት ዋስ ማቅረብ ግድ ነው። የልብስ አጣቢዋ ልጅ ዲፕሎማ ይዞ ቢመጣ ዋስ ከየት ያገኛል? የእናቱ ዘመዶች ደመወዝ የላቸውም። የሚፈርምለት እናቱን በእድር የሚያውቃት፣ ልጁንም ሲያድግ ያየው የመንግሥት ሠራተኛ ጎረቤት ነው። ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን የሚነግረው፣ ያለፈውን ዓመት መጽሐፍ የሚያውሰው፣ ማመልከቻውን የሚያርምለትም እሱው ነው። እናቲቱም ልብስ አጥባ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው አቅም ያለው ደንበኛ በአቅራቢያዋ ስላለ ነው።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ 21 ቢሊዮን የፌስቡክ ወዳጅነቶችን መርምረው ነበር። በድኻና በባለጸጋ መካከል ያለ ወዳጅነት ልጆች ከድህነት ከመውጣታቸው ጋር እጅግ ጠንካራ ቁርኝት ካላቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ አገኙት። የድኻ ልጅ የባለጸጋ ልጆች ያሏቸውን ያህል ገቢው የደላው ወዳጆች ባሉበት አካባቢ ቢያድግ ገቢው በአማካይ 20 በመቶ እንደሚጨምርም ገምተዋል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2018 እንዳሰላው ደግሞ የድኻ ቤተሰብ ዘር አማካይ ገቢ ላይ ለመድረስ በዴንማርክ ሁለት ትውልድ፣ በኮሎምቢያ ዐሥራ አንድ ትውልድ ይፈጅበታል። እኛስ የትኛውን መንገድ ነው የያዝነው?

«ትምህርት አለ» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በጥር 2015 ዓ.ም. በተነገረው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዙር ደግሞ 3.2 በመቶ። አቅም ያለው ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ካወጣ ሰንብቷል። ሁለቱን ልጆች የሚያገናኛቸው የቀረው ሰፈሩ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ እስከ መገናኛ ያለውን መንገድ ለውጦታል። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ የተነሡ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተወስደዋል። ይህን የማነሣው የቀበሌ ቤትን ላወድስ አይደለም። ጣራው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱን ዐሥር አባወራ የሚጋራው ቤት ለማንም የሚመኙት አይደለም፤ ንጹሕ ውኃና የራስ በር ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ድኻው የተሻለ ቤት ለማግኘት ለምን ጎረቤቱን እንዲያጣ ይደረጋል?

የሚገርመው ሕጉ ራሱ ነገሩን ማወቁ ነው። የመሬት ማስለቀቅና የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሣ እንደሚገባ አምኗል። እንግዲህ ጎረቤት ዋጋ እንዳለው መንግሥትም ያውቃል ማለት ነው። ይሁንና አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ብር ዋስ ሆኖ አይፈርምም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ቢታሰብ እላለሁ። አንደኛ፣ በጸዳው ቦታ ላይ ከሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች የተወሰነው ድርሻ እዚያው ለኖሩት ነዋሪዎች በቀድሞው የኪራይ አቅማቸው ይያዝ። ሁለተኛ፣ መነሣት ግድ ከሆነ እድሩና ሰፈርተኛው ሳይበተን አብሮ ይስፈር። ሦስተኛ፣ የሰው ዋስ የሚጠይቀው አሠራር በኢንሹራንስ ዋስትና ይተካ፤ ቢያንስ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወጪውን ቀጣሪው ይሸፍን።

ከተማ የሚያምረው በመብራቱና በእግረኛ መንገዱ ብቻ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ የድኻውና የባለጸጋው ልጅ ሲገናኙ በስም የሚጠራሩ ከሆነ ነው። ሀብታሙ ለብቻው፣ ድኻውም ለብቻው የሰፈሩባት አዲስ አበባ ለዐይን ታምር ይሆናል፤ የልብስ አጣቢዋ ልጅ ግን ዲፕሎማውን እንደያዘ ዋስ ፍለጋ ይባዝናል።

ቸር ይግጠመን።