ጀሪካን ማደል ብቻ አይበቃም



ጂላል ገብቶ ውሃ ሲጠፋ ጀመዓችን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘብ እናዋጣለን፣ ቦቴ እንከራያለን፣ ለአንድ ሠፈር እናድላለን፣ እናቶች ዱዓ አድርገውልን እንመለሳለን። መልካም ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበለን። ግን በሚቀጥለው ዓመት ያው ሠፈር ባዶ ጀሪካኑን ደርድሮ ይጠብቀናል።

ሲራ የተማርን ሰዎች የሩማን ጉድጓድ ታሪክ እናውቃለን። በመዲና የዚያ ጉድጓድ ውሃ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) በየቀኑ ውሃ እየገዙ በማደል አልተወሰኑም። ጉድጓዱን ገዝተው ለሙስሊሞች ወቅፍ አደረጉት። የለወጡት የውሃውን አሠራር ነው። እኛ ጉድጓድ የምንገዛበት አቅም የለንም። ውሃ የሚከፋፈልበት ደንብ እንዲስተካከል በማስረጃ መጠየቅ ግን እንችላለን።

«ጠይቀን ማን ሊሰማን?» የሚል አይጠፋም። ከወለድ ነፃ ባንክን እናስታውስ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 በሩን ገርበብ አደረገው። ዘምዘም ባንክን ለማቋቋም የተነሱ ወገኖች አክሲዮን ሸጠው ሲዘጋጁ፣ በ2004 የወጣው መመሪያ አገልግሎቱን በነባር ባንኮች መስኮት ብቻ ወሰነው። ጥያቄው ግን አልሞተም። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በ2011 ተፈቀደ፤ ዘምዘምም በሰኔ 2013 ሥራ ጀመረ። ከአዋጁ እስከ መክፈቻው 13 ዓመት መሆኑ ነው። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱን ጂጂጋ ያደረገ ሸበሌ ባንክ አለን። ይህ የተገኘው ሰዎች የሕጉን አንቀጽ አውቀው፣ ተደራጅተውና ታግሰው በመጠየቃቸው ነው።

የእኛ ጥያቄ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከጂጂጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ፣ ከአውበሬ እስከ ቀብሪበያህ ውሃ የሁሉም ቤት ጭንቀት ነው። በገጠሩ ብርካ ያለው የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል፤ የሌለው ይገዛል። ቀብሪበያህ ከ1983 ጀምሮ ስደተኞችን ተቀብላ ኖራለች። ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ለመጠለያውም ለከተማውም የሚደርስ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የውሃው መጠን ብቻ ሳይሆን ማን መቼ በስንት ይቀዳል የሚለውም ትልቅ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ትምህርታችን ይጠቅማል። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ባለ 20 ሊትር 50 ጀሪካን ነው። በአንድ ሠፈር ጀሪካን ከአህያ ጋሪ የሚገዛበትን ዋጋ በ50 እናባዛው። ከዚያ ቤቱ ቆጣሪ ያለው ሰው ለአንድ ሜትር ኪዩብ ከሚከፍለው ታሪፍ ጎን እናስቀምጠው። ድሃው ስንት እጥፍ እንደሚከፍል በአንድ መስመር ይታያል። በዚያ ላይ ቦኖው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ወረፋው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ውሃ ቀጂዋ ተማሪ ከሆነች ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚያልፋት ለሁለት ወር እንመዝግብ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ለምንፈልግ ከዚህ የተሻለ አናገኝም። ማህበረሰብ አገልግሎትም ከዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ተልዕኮዎች አንዱ ነው።

ቁጥር ብቻውን ግን በር አያስከፍትም። ጥናቱን በሶማሊኛ የሚመሩት የአካባቢው ልጆች ይሁኑ፤ ከወሎ፣ ከሐረርና ከአዲስ አበባ የመጣነው እናግዛቸው። እህቶቻችን ከሌሉበት እናቶችን የሚያናግር አይኖርም። ውጤቱ መጀመሪያ ለሠፈሩ ሰው፣ ለመስጂድ ኮሚቴውና ለሽማግሌዎች ይነበብ፤ የተሳሳተ ካለ ያርሙት። ጋሪ ነጂዎቹንም እንጥራ፤ እነሱም በዚሁ የሚያድሩ ወንድሞቻችን ናቸው። ከዚያ ሠፈሩ ራሱ በፊርማው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የፈረቃው ሰሌዳ በቀበሌና በመስጂድ ደጃፍ ይለጠፍ፤ የቦኖ ዋጋ በግልጽ ይጻፍ፤ ቦኖውን በሚቆጣጠረው ኮሚቴ ውስጥ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ይግቡ። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ቦኖ ማስፋፋት የመሰለ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ካለ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰነዱ ከዚያ ወራት ቀድሞ ምክር ቤቱ ይድረስ። በነሐሴ የሚቀርብ አቤቱታ ለከርሞ ነው።

ፖለቲካ ይሆንብናል ብለን የምንፈራም አለን። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም፤ ቤተሰቦቻችን ከባድ ዘመን አይተዋል። ስለዚህ ሥራው በግልጽ፣ በደብዳቤ፣ ከመምህራን ጋር ይሁን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን፣ በአንቀጽ 43 ማህበረሰባችንን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠትን መብት ደንግጓል። ከእኛ የሚጠበቀው አማና ነው። ቁጥሩን እንዳናጋንን፣ የማይመቸንንም እንዳንደብቅ። አንድ የውሸት አኃዝ የሠፈሩን ሰው ሁሉ ውሸታም ያስብላል።

የቦቴው ሶደቃ ይቀጥል፤ የተጠማ ሰው ጥናት እስኪያልቅ አይጠብቅም። ነገር ግን ከሚሰበሰበው ላይ ለወረቀት፣ ለትራንስፖርትና ለስልክ ካርድ ጥቂት እንመድብ። በዚህ ሴሚስተር አንድ ሠፈር፣ አንድ ቦኖ፣ አሥር ፈቃደኛ ይበቃናል። በሚቀጥለው ሹራ ላይ ስማችንን እናስመዝግብ።

አላህ ኒያችንን ያሳምርልን፣ ሥራችንን ያግራልን። አሚን።