ከምርመራ ቁፋሮ በኋላ መሬቱ በምን ሁኔታ ይቀራል?

የወርቅ ዋጋ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በዓለም ገበያ በአንድ አውንስ ከ4 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆኗል። በ2017 በጀት ዓመትም ወርቅ ከቡና ቀድሞ ለሀገሪቱ ከፍተኛውን የወጪ ንግድ ገቢ አስገኝቷል። ይህ ሁኔታ አነስተኛ የማዕድን ምርመራ ኩባንያዎች ቀደም ሲል ወዳልረገጧቸው አካባቢዎች ጭምር እንዲያማትሩ የሚያደርግ ነው። ለደባርቅ፣ ለዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖረው ሕዝብ ከዚህ ጋር ተያይዞ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ጉዳይ የምርመራ ፈቃድ ምንነት እና ፈቃዱ ሲያበቃ በመሬቱ ላይ የሚቀረው ነገር ነው።

አነስተኛ የምርመራ ኩባንያ በአብዛኛው የሚሸጠው ምርት የለውም። ሥራውን የሚያከናውነው በለንደን፣ በቶሮንቶ ወይም በሌላ የአክሲዮን ገበያ ከባለሀብቶች በሚሰበስበው ገንዘብ ነው። በመሆኑም የአንድ ጉድጓድ የቁፋሮ ውጤት ለኩባንያው የምስራች መግለጫ ሲሆን፣ የአክሲዮኑም ዋጋ በዚያው ይወጣል፤ ይወርዳል። መግለጫው ግን ስለማዕድን ማውጫ የሚናገር ሳይሆን ገና ተጨማሪ ገንዘብና ቁፋሮ ስለሚጠይቅ ግምት የሚናገር ነው። ብዙዎቹ የምርመራ ሥራዎችም ወደ ምርት ሳይሸጋገሩ ይቋረጣሉ።

በምዕራብ ወለጋ የሚገኘው የቱሉ ካፒ የወርቅ ፕሮጀክት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አካባቢው በጣሊያን ወረራ ዘመን ጭምር ለወርቅ ተፈትሿል። ዘመናዊውን ምርመራ ያካሄደው ኒዮታ ሚነራልስ ፕሮጀክቱን በለንደን ገበያ ለተመዘገበው ኬፊ አስተላለፈ፤ ኬፊም እ.ኤ.አ. በ2015 የከፍተኛ ደረጃ የማምረት ፈቃድ አገኘ። ወርቁ መኖሩ ተረጋግጦ፣ ፈቃዱም ተሰጥቶ፣ የግንባታው ገንዘብ እስኪሟላ ግን ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት የአካባቢው አርሶ አደር ቤቱን ላድስ ወይስ ልነሣ በሚል ማመንታት ውስጥ ቆይቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የባለሀብት ተስፋ ሲዘገይ ባለሀብቱ አክሲዮኑን ሸጦ ሊወጣ ይችላል፤ ባለይዞታው ግን መሬቱን ይዞ ወዴትም አይሄድም።

የስሜን አካባቢ ደግሞ የራሱ ሁኔታ አለው። ተራሮቹ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ ከፈሰሰ ባዛልት ተደራርበው የተሠሩ ናቸው። በሀገራችን ዋና ዋናዎቹ የወርቅ ክምችቶች የሚገኙት ግን ከዚህ እጅግ በቀደሙ መሠረታዊ አለቶች ውስጥ ሲሆን፣ እነዚህም በለገ ደምቢ፣ በቱሉ ካፒና ከተከዜ ወዲያ ባሉ የትግራይ አካባቢዎች ወደ ገጽ ወጥተው ይታያሉ። በደጋው ባዛልት ላይ የወርቅ ተስፋ ይዞ የሚመጣ አካል፣ ተስፋው በየትኛው አለት ላይ እንደተመሠረተ ቢጠየቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእሳተ ገሞራ አለት የራሱ ሀብት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የወገል ጤና ኦፓል የተገኘው በዚሁ ዓይነት የአለት ክምር ውስጥ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የማዕድን ሥራ ከዓለም ቅርስ ቦታ ጋር አይጣጣምም የሚል አቋም ያለው በመሆኑ፣ በፓርኩ አዋሳኝ የሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ ከወሰኑ ጋር በጥንቃቄ መታየት አለበት።

በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የምርመራ ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠው እስከ ሦስት ዓመት ሲሆን ሊታደስ ይችላል። ፈቃዱ የመፈለግ እንጂ የማምረት መብት አይሰጥም። ሙሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማና ለመልሶ ማቋቋም የሚመደብ ገንዘብ በዋናነት የሚጠየቁት በማምረት ፈቃድ ደረጃ ነው። አሳሳቢው ነጥብም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ኩባንያ ወደ ማምረት ደረጃ ሳይደርስ የሚለቅ ከሆነ፣ ነዋሪው በተግባር የሚያጋጥመው የምርመራው ጠባሳ ብቻ ይሆናል።

ጠባሳው በመጠን ትንሽ ቢመስልም ለእርሻና ለግጦሽ ቀላል አይደለም። ናሙና የተወሰደበት ቦይ ክፍት ከቀረ ከብት ይገባበታል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፍ ያሰፋዋል። የቁፋሮ ማሽን የገባበት ጊዜያዊ መንገድ በተዳፋት ላይ የውኃ መውረጃ ይሆንና አፈሩን ይዞ ይወርዳል። የቁፋሮ ጭቃ የተጠራቀመበት ኩሬ፣ የፈሰሰ ነዳጅና ዘይት፣ ፕላስቲክና የተተወ ቧንቧ ወደ ምንጭ የሚወስዱት መንገድ አጭር ነው። በአግባቡ የሚሠራ ባለፈቃድ ከመቆፈሩ በፊት የላይኛውን ለም አፈር ለይቶ ያስቀምጣል። ሲጨርስ ቦዩን ከሥር በድንጋይና በታችኛው አፈር ሞልቶ ለሙን አፈር ከላይ ይመልሳል፤ የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ይደፍናል፤ መንገዱንም በእርከን ይቆርጣል። ወጪው ከቁፋሮው ወጪ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ ችግሩ የኩባንያው ገንዘብ ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚቀረው ይኸው ሥራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ቦታው እንደተቆፈረ ወዲያውኑ ቢሞላ እንጂ ለመጨረሻ ቀን ባይተው ይመረጣል።

ክፍት ቦታ ሌላም መዘዝ አለው። ኩባንያው ለቆ ሲወጣ፣ “እዚህ አንድ ነገር አይተው ነበር” በሚል ወጣቶች በአካፋና በዶማ ሊገቡበት ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደላንታ ወረዳ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ከውስጥ መቅረታቸው ይታወሳል። በባህላዊ መንገድ ለማምረት የሚፈልጉ ዜጎች አስቀድመው ከክልሉ ፈቃድ ሰጪ አካል ፈቃድ ማውጣት ይኖርባቸዋል።

በቀበሌው የቁፋሮ ሥራ የሚያጋጥመው ዜጋ የፈቃዱን ቁጥር፣ የቦታውን ወሰንና የሥራ ፕሮግራሙን በቅድሚያ ሊጠይቅ ይገባል። ለወርቅና ለውጭ ባለሀብት ፈቃድ የሚሰጠው የማዕድን ሚኒስቴር ሲሆን፣ የግንባታ ማዕድን ለሚያመርቱ ኢትዮጵያውያን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። የአካባቢ ብክለት ጥቆማ ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 መሠረት ሕዝቡ በቀጥታ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው። ባለይዞታው ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ማሳውን፣ እርከኑንና ምንጩን ቀኑ በግልጽ እንዲታወቅ አድርጎ ፎቶ ቢያነሣ፣ ኩባንያው ቦታውን መልሶ ሲያስረክብም ከቀበሌው አስተዳደር ጋር በመሆን በዚያው ፎቶ አመሳክሮ ርክክቡን በጽሑፍ ቢፈርም፣ ጉድለት ሲገኝ የሚያቀርበው ቅሬታ ማስረጃ ይኖረዋል።